በሽታው ከየት መጣ? የባዮሎጂያዊ መከላከያና ደኅንነት ትምህርት በድኅረ ምረቃ ደረጃ



ባዮሎጂያዊ መከላከያና ደኅንነት የሚባለው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ሰውን፣ እንስሳትንና ሰብልን ከሦስት ዓይነት አደጋ ስለ መጠበቅ የሚያጠና ዘርፍ ነው። አንደኛው ከተፈጥሮ የሚነሣ ወረርሽኝ፣ ሁለተኛው ከላቦራቶሪ በስሕተት የሚያመልጥ ተሕዋስ፣ ሦስተኛው ሰው ሆን ብሎ የሚያሰራጨው በሽታ ነው። ሦስቱ በመነሻቸው ይለያያሉ እንጂ በሕመምተኛው አልጋ ላይ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ትኩሳቱና ሳሉ ማን እንዳመጣቸው አይናገሩም። የዘርፉ አስቸጋሪነት ከዚህ ይጀምራል። የዚህ ንግግር ዓላማ በትምህርቱ ውስጥ ስለ ተሕዋስያን የሚሰጠው ዕውቀት ትንሹ እጅ መሆኑን፣ ትልቁ እጅ የተለያየ ማስረጃ ሰብስቦ መመዘን መሆኑን ማስረዳት ነው። በቅድሚያ ዘርፉ እንዴት የዲግሪ ትምህርት እንደ ሆነ ይነሣል። ቀጥሎ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያጠኑት አንድ የምርመራ ታሪክ ሰፋ ተደርጎ ይቀርባል። ከዚያም ስለ ዓለም አቀፍ ስምምነቶችና ስለ አደገኛ ዕውቀት፣ በመጨረሻም ጉዳዩ ኢትዮጵያን ስለሚነካበት መንገድ ይነገራል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በሽታን እንደ መሣሪያ ማጥናት ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት የጦር ሰፈር ሥራ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጃፓን በማንቹሪያ፣ ሃርቢን ከተማ አጠገብ፣ 731 በሚል ቁጥር የሚታወቀውን ክፍል አቋቁማ በእስረኞች ላይ ትሞክር ነበር። አሜሪካም ሜሪላንድ ውስጥ በፎርት ዴትሪክ የራሷን የማጥቂያ ፕሮግራም ስታካሂድ ቆይታ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በኖቬምበር 1969 እንዲቆም አዘዙ። በእነዚያ ዓመታት ዕውቀቱ በምስጢር የተያዘ፣ ከአጥር ውጭ የማይነገር ነበር። ወደ ሲቪሉ ዓለም ካሻገሩት ሰዎች አንዱ ዶክተር ዶናልድ ሄንደርሰን ናቸው። ሄንደርሰን የዓለም ጤና ድርጅትን የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ የመሩ ሐኪም ሲሆኑ፣ ዘመቻው እጅግ ከተፈተነባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። እዚህ ሥራው በ1971 ተጀምሮ የመጨረሻው ሕመምተኛ በ1976 ተገኘ። በማግሥቱ ዓመት ሶማሊያ ውስጥ፣ መርካ ላይ፣ በዓለም የመጨረሻው በተፈጥሮ የተያዘ ሰው ተመዘገበ፤ በ1980 በሽታው ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። ክትባቱም ቀረ። ቫይረሱ ግን በአሜሪካና በሩስያ ላቦራቶሪዎች ተቀምጦ ቀርቷል፤ ሄንደርሰን ይህ ቅሪት እንዲወገድ አጥብቀው ይከራከሩ ነበር። በ1998 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ለሲቪል ባዮሎጂያዊ መከላከያ የሚሠራ ማዕከል መሠረቱ። በሽታ ሲያጠፉ የኖሩ ሰው ወደዚህ ሥራ መግባታቸው ለዘርፉ የሕዝብ ጤና መልክ ሰጥቶታል።

የዲግሪ ትምህርት ያደረገው ግን የ2001 ድንጋጤ ነው። የሴፕቴምበር 11 ጥቃት በደረሰ በሳምንቱ የአባ ሰንጋ ስፖር (የተሕዋሱ ዘር መሰል ቅርጽ) የያዙ ደብዳቤዎች ለአሜሪካ የዜና ተቋማት፣ ቀጥሎም ለሁለት ሴናተሮች ተላኩ። 22 ሰዎች ታመው 5ቱ ሞቱ፤ ከሞቱት ውስጥ ደብዳቤ ሲለዩ የነበሩ የፖስታ ሠራተኞች ይገኛሉ። መንግሥት ለመከላከያ ብዙ ገንዘብ መደበ፤ ወዲያው የታየው ችግር ግን የሰው እጥረት ነበር። ተሕዋስያንን የሚያውቀው ሕግና ፖለቲካ አያውቅም፤ ሕግና ፖለቲካ የሚያውቀው ባክቴሪያና ቫይረስ አይለይም፤ የስለላ ሰው ከሐኪም ጋር ሲነጋገር ሁለቱም ግራ ይጋባሉ። ቨርጂኒያ የሚገኘው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በ2003 የጀመረው ፕሮግራም ይህን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ነው። ዛሬ በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ የሚሰጠው በሕክምና ወይም በባዮሎጂ ክፍል ሳይሆን በፖሊሲና መንግሥት አስተዳደር ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ከቀደሙት መምህራን አንዱ በሶቭየት ኅብረት የጦር ፕሮግራም ከፍተኛ ባለሥልጣን የነበሩትና በ1992 አሜሪካ የገቡት ኬን አሊቤክ ነበሩ። ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ በበኩሉ ወደ ሳይንሱ ያዘነበለ የሁለተኛ ዲግሪ ፕሮግራም አለው። በእንግሊዝ የብራድፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጉዳዩን የያዘው በሰላም ጥናት በኩል ነው። አንድ ዘርፍ በሦስት የተለያዩ ደጆች መግባቱ ገና እንዳልረጋ ያሳያል፤ ይህ ግን ጉድለት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ ይታለፋል። በኤፕሪል 1979 በሶቭየት ኅብረት፣ በኡራል አካባቢ በምትገኘው በስቨርድሎቭስክ ከተማ፣ በዛሬ ስሟ የካተሪንበርግ፣ ሰዎች በድንገት እየታመሙ በጥቂት ቀን ውስጥ መሞት ጀመሩ። ቢያንስ 66 ሰዎች አለቁ። ሐኪሞቹ በሽታው አባ ሰንጋ መሆኑን ደረሱበት። የመንግሥት ማብራሪያ የታመመ ከብት ሥጋ በስውር ተሽጦ ሰው በልቶት ነው የሚል ነበር። በኢትዮጵያ ገጠር ላደገ ሰው ይህ ማብራሪያ እንግዳ አይደለም፤ በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት አርደው ወይም ቆዳውን ገፈው የታመሙ ሰዎችን ወሬ እየሰማ አድጓል። ማብራሪያው ዓመታት የቆየውም ሊሆን የሚችል ነገር ስለ ነበር ነው። አሜሪካ በከተማው ውስጥ ካለ ወታደራዊ ግቢ ያመለጠ ነው ብላ ከሰሰች። በ1988 የሶቭየት ሐኪሞች ወደ አሜሪካ ሄደው የሥጋውን ታሪክ በዝርዝር ሲያቀርቡ፣ ካዳመጧቸው ሳይንቲስቶች አንዱ የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር ማቲው ሜሰልሰን ሊታመን የሚችል ነው አሉ።

በ1992 ፕሬዚዳንት ቦሪስ የልትሲን የአደጋው ምክንያት የጦር ሠራዊቱ ሥራ መሆኑን ተናገሩ። የአንድ መሪ ቃል ግን ለሳይንስ ማስረጃ አይሆንም፤ መሪዎች የቀድሞውን መንግሥት የሚያሳጡበት የራሳቸው ምክንያት ሊኖራቸው ይችላል። ሜሰልሰን ቡድን አደራጅተው በዚያው ዓመትና በቀጣዩ ወደ ከተማዋ ሄዱ። የሆስፒታሉን መዛግብት የሶቭየት የስለላ ድርጅት ኬጂቢ ቀደም ብሎ ወስዷቸው ነበር። ፋይና አብራሞቫና ሌቭ ግሪንበርግ የተባሉት ፓቶሎጂስቶች ግን ከአስከሬን ምርመራው ያስቀሩትን ናሙናና ማስታወሻ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ጠብቀው አቆይተው ነበር። የ42 ሟቾች ናሙና ሲመረመር በደረት ውስጥ ያሉት የሊምፍ ዕጢዎች ደም ፈስሶባቸው ተበላሽተው ተገኙ። ይህ ዓይነት ጉዳት ስፖሩ በትንፋሽ ሲገባ የሚታይ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ከላቦራቶሪ የመጣ አይደለም። አንትሮፖሎጂስቷ ጂን ጊለሚን የሟቾቹን ቤተሰቦች በየቤታቸው እየሄዱ አነጋገሩ። ሟቹ የት ይኖር ነበር? የት ይሠራ ነበር? በዚያ ሳምንት ቀን ቀን የት ይውል ነበር? መልሱ በካርታ ላይ ሲሰፍር አብዛኞቹ ሟቾች ከወታደራዊው ግቢ ተነሥቶ ወደ ደቡብ በሚሄድ፣ እስከ ከተማው ዳርቻ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ጠባብ ቀጠና ውስጥ ሆነው ተገኙ። ሦስተኛው የከብት ሞት ነው፤ ያው ቀጠና ከከተማው ወጥቶ ሲቀጥል እስከ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ድረስ ባሉ ስድስት መንደሮች ከብቶች በአባ ሰንጋ ሞተው ነበር። አራተኛው የአየር ሁኔታ መዝገብ ነው፤ ሰኞ ኤፕሪል 2 ቀን ነፋሱ በዚያው መስመር ነፍሷል። ሥጋ በስውር ቢሸጥ ኖሮ ሟቾቹ ገዢዎቹ ባሉበት ይበተኑ ነበር እንጂ በነፋስ አቅጣጫ አይሰለፉም። ጥናቱ በ1994 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ሲታተም ክርክሩ በአብዛኛው አበቃ።

ይህ ታሪክ በትምህርቱ ውስጥ ያን ያህል ቦታ የያዘበት ምክንያት ከአራቱ ማስረጃዎች አንዱም ብቻውን በቂ ስላልነበር ነው። ናሙናው በትንፋሽ መግባቱን ይናገራል፤ ከየት እንደ ተነፈሰ አይናገርም። የነፋሱ መዝገብ ሟቾቹ የት እንደ ነበሩ ካልታወቀ ባዶ ወረቀት ነው። የቤተሰቦቹ ቃል የሰው ትውስታ ነውና ሊሳሳት ይችላል፤ ከከብቶቹ ሞት ጋር ሲገጥም ግን ክብደት ያገኛል። አንድ ተማሪ አራቱንም ራሱ መሥራት አይጠበቅበትም። የፓቶሎጂስት ዘገባ አንብቦ ድካሙ የት እንደ ሆነ መጠየቅ፣ የቃለ መጠይቅ መረጃን አለመናቅ፣ ካርታና መዝገብ ማስተያየት ግን ይጠበቅበታል። ሌላም ትምህርት አለው፤ የሥጋውን ታሪክ ይታመናል ያሉትና በመጨረሻ ያፈረሱት አንድ ሰው ናቸው።

ተማሪው ከዚህ ተነሥቶ በየወረርሽኙ ጀርባ ወንጀል እንዳይፈልግ ተቃራኒ ምሳሌም ይማራል። በ1981 አሜሪካ ሶቭየት ኅብረትና አጋሮቿ በላኦስና በካምቦዲያ ከአየር መርዝ ረጭተዋል ስትል ከሰሰች፤ ማስረጃ ተደርጎ የቀረበው በቅጠልና በድንጋይ ላይ የተገኘ ቢጫ ነጠብጣብ ነበር። ሲመረመር ነጠብጣቡ በአበባ ብናኝ የተሞላ ሆነ። ሜሰልሰንና ባልደረቦቻቸው በጅምላ የሚወጡ የንብ መንጋዎች ኩስ ነው አሉ፤ ዛሬ አብዛኛው ባለሙያ የሚቀበለው ይህን ነው። በሌላ በኩል በ1984 በኦሪገን ክፍለ ግዛት፣ ዘ ዳልስ በተባለች ትንሽ ከተማ፣ 751 ሰዎች በሳልሞኔላ ታመሙ። የጤና ባለሥልጣናቱ በመጀመሪያ የምግብ ቤት ሠራተኞች ንጽሕና ጉድለት ነው ብለው ደመደሙ። ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በአካባቢው የሰፈረ የሃይማኖት ቡድን እርስ በርሱ ሲጣላ፣ አባላቱ የአካባቢውን ምርጫ ለማሸነፍ ሰላጣ እንደ በከሉ ታወቀ። እውነቱ የወጣው በቡድኑ ጠብ እንጂ በላቦራቶሪ አልነበረም። በአንዱ ታሪክ መንግሥት የሌለ ጥቃት አየ፤ በሌላው የነበረውን ሳያይ ቀረ።

የ2001ዱ ደብዳቤዎች ነገርም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ ከዓመታት ምርመራ በኋላ በራሱ በመንግሥቱ የመከላከያ ላቦራቶሪ የሚሠራ ሳይንቲስት ላይ ደረሰ። ሰውየው በ2008 ክስ ሳይመሠረትበት ሕይወቱ አለፈ፤ ቢሮው በ2010 ፋይሉን ዘጋ። በ2011 የብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚው ያቋቋመው ኮሚቴ በሳይንሱ ማስረጃ ብቻ ስለ ስፖሩ ምንጭ ቁርጥ ያለ ድምዳሜ መስጠት አይቻልም አለ። ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ማስረጃ፣ ሳይንቲስት የሚጠይቀውና ለአገር መሪ ውሳኔ የሚበቃው ሦስት የተለያየ ልክ አላቸው። በኮቪድ 19 መነሻ ላይ የሚደረገው ክርክርም እስካሁን ያልረጋው ጥሬ ማስረጃው ያለበት ቦታ ለመርማሪዎች በበቂ ስላልተከፈተ ነው፤ ስቨርድሎቭስክ በሩን ለመክፈት 13 ዓመት እንደ ፈጀባት ማስታወስ ይጠቅማል።

ቀጣዩ ክፍል ስምምነቶችን ይመለከታል። መነሻው የ1925ቱ የጄኔቫ ፕሮቶኮል ነው፤ በጦርነት ጊዜ መርዛማ ጋዝንና ባክቴሪያን መጠቀም ይከለክላል። ለኢትዮጵያውያን ይህ ሰነድ የመጽሐፍ ነገር ብቻ አይደለም። ጣልያን በ1928 አጽድቃው ነበር፤ ኢትዮጵያ በ1935 ገባችበት፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የጣልያን አውሮፕላኖች የሰናፍጭ ጋዝ ማዝነብ ጀመሩ። መሣሪያው ኬሚካል እንጂ ተሕዋስ አልነበረም፤ የተጣሰው ሰነድ ግን አንድ ነው፤ አጼ ኃይለ ሥላሴ በ1936 በጄኔቫ ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት ሲሉም ሰነዱን የሚያስከብር ኃይል አልተገኘም። ከዚያ በኋላ በ1972 ለፊርማ ቀርቦ በ1975 የጸናው የባዮሎጂያዊ መሣሪያዎች ስምምነት ከመጠቀም አልፎ መሥራትንና ማከማቸትንም ከለከለ፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። ነገር ግን የሚቆጣጠር አካል አልተበጀለትም። ኬሚካል መሣሪያን የሚከታተል ድርጅት ዘ ሄግ ላይ ሲኖር፣ ባዮሎጂያዊው ስምምነት ጄኔቫ ውስጥ ጥቂት ሠራተኞች ያሉት ደጋፊ ክፍል ብቻ አለው። ሶቭየት ኅብረት ስምምነቱን ከፈረመች በኋላ ባዮፕሬፓራት የተባለውን ግዙፍ የምስጢር ድርጅት ማቋቋም የቻለችው በዚህ ክፍተት ነው። መቆጣጠሪያ ለመጨመር የተጀመረው ድርድር በ2001 አሜሪካ ረቂቁን ስላልተቀበለች ፈረሰ። ተቃውሞዋ ምክንያት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ ክትባት የሚያመርት በርሜልና መሣሪያ የሚያመርት በርሜል ሲያዩት አንድ ነውና። ያም ሆኖ ምንም ቁጥጥር ከማይኖር ያልተሟላ ቁጥጥር ይሻል ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል፤ በክፍል ውስጥም የጦፈ ክርክር ያለበት ርእስ ነው።

አደገኛ ዕውቀትን ስለ መያዝ የሚነገረው አጠር ይላል፤ ነገሩ ቀላል ስለ ሆነ ሳይሆን መልስ ስላልተገኘለት። በ2011 አንድ የኔዘርላንድስና አንድ የአሜሪካ ላቦራቶሪ የወፍ ጉንፋን ቫይረስ በአጥቢ እንስሳት መካከል በአየር እንዲተላለፍ ማድረጋቸው ተሰማ። የአሜሪካ መንግሥት አማካሪ ቦርድ ዝርዝሩ ከጽሑፎቹ እንዲወጣ መከረ፤ በ2012 ተመልሶ ሐሳቡን ለወጠ፤ ጥናቶቹም ታተሙ። በአንድ ወገን ዕውቀቱ ቀጣዩን ወረርሽኝ ለመለየት ይረዳል ይባላል፤ በሌላው ወረርሽኙን ራሱን ሊያመጣ ይችላል ይባላል። የኦሪገኑ ጉዳይ የሕክምና ዘገባም ሌሎች እንዳይኮርጁት በመፍራት የወጣው በ1997 ነው። ማስተርስ ተማሪዎች ራሳቸው አደገኛ ተሕዋስ ማምረትን አይማሩም። ደግነቱ ለፖሊሲ ሥራ አያስፈልግም፤ አንድ ጥናት ከመጀመሩ በፊት ማን ሊያየው፣ ማን ሊያስቆመው እንደሚገባ ለመወሰን የሚያስፈልገው የአሠራር ዕውቀት ነው።

በመጨረሻ የሚነሣው የኢትዮጵያ ነገር ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ፣ ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው የከብት ወረርሽኝ፣ ሪንደርፔስት፣ የአገሪቱን በሬና ላም ጨርሶ ክፉ ቀን ለተባለው ረኀብ መንገድ ከፈተ። ይህ በሽታ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሰው ያጠፋው ሁለተኛው ነው። እንደ ፈንጣጣው ሁሉ ግን ቫይረሱ በተመረጡ ጥቂት ተቋማት ተቀምጧል፤ ከእነዚህም አንዱ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ነው። ማን ወደ ማስቀመጫው ይገባል? መዝገቡን ማን ያየዋል? የክትባት ክምችቱ ቢያስፈልግ በማን ትእዛዝ ይወጣል? የጠፋ በሽታ መጠበቅ አሰልቺ ሥራ ይመስላል፤ በ1978 በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም፣ ፈንጣጣ ከተፈጥሮ ከጠፋ በኋላ፣ ከላቦራቶሪ ወጥቶ አንዲት የሕክምና ፎቶግራፍ አንሺ መግደሉ ግን የመሰልቸትን ዋጋ ያሳያል።

የአፍሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ2017 ጀምሮ መቀመጫው አዲስ አበባ ሲሆን፣ የላቦራቶሪ ደኅንነትና የተሕዋስያን ጥበቃ ከሥራዎቹ አንዱ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከ2009 ጀምሮ ከጤና ተቋማት ጋር በመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ያስተምራል፤ ወረርሽኝ ሲነሣ ቀድሞ ቦታው የሚደርሰው እንዲህ ያለ ሰልጣኝ ነው። ወደዚህ ዘርፍ ለመግባት የሚያስብ ኢትዮጵያዊ የእንስሳት ሐኪም፣ የጤና መኮንን፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ጠበቃ ወይም የዲፕሎማሲ ሰው ሊሆን ይችላል፤ በውጭ ያሉት ፕሮግራሞች ከሳይንስ ውጭ የመጣውንም ይቀበላሉ። የሳይንስ ሰው ሕግና የዓለም አቀፍ ግንኙነት ይጨመርለታል፤ የሕግ ሰው የተሕዋስያን መሠረታዊ ትምህርት ይወስዳል። ተመራቂዎቹ በጤናና በግብርና መሥሪያ ቤቶች፣ በዓለም አቀፍ ድርጅቶች፣ በላቦራቶሪዎችና በምርምር ተቋማት ይሠራሉ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልግ ተማሪም ሩቅ መሄድ የለበትም፤ በአንድ ወረዳ አባ ሰንጋ ሲነሣ የእንስሳት ሐኪሙና የጤና ጣቢያው ዜናውን በስንት ቀን እንደሚለዋወጡ፣ ናሙናው በየትኛው መኪና፣ በምን ዕቃ ተይዞ እስከ የት እንደሚሄድ መከታተል ብቻውን የሁለት ዓመት ሥራ ነው።